ከጎባ ዲንሾ ማለት ነው

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አንድ ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ተለዋውጦ መጣች። ውጭ አገር ያለው ልጇ በስልክ የላከላትን የአውሮፕላን ትኬት የሰፈር ልጅ አትሞላት ነው።

«ሲስተር፣ ጉድ ሆንኩልሽ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከሮቤ ነው ይሉኛል፤ ትኬቱ ግን ጎባ ይላል አሉ። ልጄ ተሳስቶ ገዝቶ ይሆን?»

አስቀመጥኳትና ቡና አቀረብኩ። አልተሳሳተም አልኳት። የባሌ ደጋ መንገደኛ የሚሳፈርበት አየር ማረፊያ አንድ ነው፤ እሱም ሮቤ ነው። አየር መንገዶች ግን እያንዳንዱን ማረፊያ በሦስት የላቲን ፊደላት ይጠሩታል፤ የእኛው «ጂ፣ ኦ፣ ቢ» ነው፣ ጎባ እንደማለት። ጎባ የባሌ ዋና ከተማ ከነበረችበት ዘመን የተረፈ ስም ይመስለኛል። ደግሞስ ቢሳሳት ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ነው፤ ሚኒባስ ተሳፍረሽ ወሬሽን ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ።

ሳቀች። እኔ ግን አብሬያት ልስቅ አልቻልኩም። አንድ ከተማ ይመስሉ የነበሩ ሁለት ስሞች በእርግጥ ሁለት አየር ማረፊያ የሆኑበትን ትኬት እኔ ራሴ ይዤ ሄጄ አውቃለሁ። ለብዙ ወላጅና አያት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሴት ልጄ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ፤ የራሴን የልጅ ልጅ ለመቀበል ባልሄድ ማን ይሄዳል? ቪዛው በብዙ ደጅ ጥናት ተገኘ። ትኬቱን የገዛልኝ አዲስ አበባ ያለው ትልቁ ልጄ ነው።

«እማዬ፣» አለኝ በስልክ፣ «ዋሽንግተን ዳለስ ትደርሻለሽ። ከዚያ ሬገን ወደሚባለው አየር ማረፊያ ተሻግረሽ ወደ ሚኒሶታ ትበሪያለሽ። እዚያው ዋሽንግተን ነው። 45 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቃ፣ ከጎባ ዲንሾ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል አለሽ፣ በደንብ ይበቃሻል።»

ሁለቱን ትኬቶች ለየብቻ ስለገዛቸው 180 ዶላር አትርፏል። እኔም «ከጎባ ዲንሾ» ሲለኝ ልቤ ተረጋጋ። ያን መንገድ ለክትባት ዘመቻ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ! ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሻንጣዬን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለአራስ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና የሃረና ቡና ሞላሁት። ልጄ ልትወልድ ገና 16 ቀን ይቀራት ነበር።

ዳለስ ያረፍነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ከአውሮፕላን ስወርድ «ዲንሾ ደርሼ ምሳ እበላለሁ» ብዬ ለራሴ ቀለድኩ። ከዚያ የኢሚግሬሽን ወረፋ ውስጥ ገባሁ። ወረፋው ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ ሻንጣ መጠበቅ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ከዚያ የምግብ ነገር ይዘሻል ተብሎ ለብቻ ፍተሻ። ወጣቷ ፈታሽ የገብስ ዱቄቴን እያገላበጠች ስትጠይቀኝ ገንፎን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት የሞከርኩትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። በትሕትና አሳለፈችኝ፤ ግን ሠላሳ ደቂቃ ሄደ። በሩ ላይ ስደርስ 5 ሰዓት ከ25 ሆኗል። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን ከ45 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ አንዲት ሜትር እንኳ አልተራመድኩም።

የያዝኩት ታክሲ ሾፌር የአገሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። በዋሽንግተን አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም። «እማማ፣ በረራዎ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ ሻንጣዬን እየጫነ። «ስድስት ተኩል» ስለው ዝም አለ። ዝምታውን አወቅኩት። እኛም የታማሚ ቤተሰብ «ይድናል ወይ?» ሲለን እንደዚያ ነው ዝም የምንለው።

«መንገዱ ክፍት ከሆነ 40 ደቂቃ ነው፤» አለ ትንሽ ቆይቶ። «ዛሬ ግን ፊት ለፊት አደጋ አለ፤ ተዘጋግቷል። እማማ፣ እዚህ አገር ስንት ኪሎ ሜትር ነው አይባልም፤ በስንት ሰዓት ይደረሳል ነው የሚባለው።»

ሬገን ስንደርስ 6 ሰዓት ከሩብ ነበር። አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም። ነገር ግን እዚያ ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ 45 ደቂቃ አስቀድመው ነው። ልጅቷ አዝና አንገቷን ነቀነቀች። ትኬቶቹ ለየብቻ የተገዙ ስለሆኑ ያመጣኝም የሚወስደኝም አየር መንገድ ዕዳ የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ያሉት በረራዎች ሞልተዋል፤ ያለው የነገ ጠዋት ነው። ልጄ በካርዷ አዲስ ትኬት ገዛች፤ 310 ዶላር። ያተረፍነውን 180 እዚህ ላይ አስቡት።

ያ ሾፌር ግን ጥሎኝ አልሄደም ነበር። «ሊያልፍዎ እንደሚችል ስላወቅኩ መኪናዬን አቁሜ ልይዎ ብዬ ነው» አለና ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠበችኝ፤ ምስር ወጥ አቀረበችልኝ። ስማቸውን ያልጻፍኩት ስላላስፈቀድኳቸው ነው እንጂ ስለረሳሁት አይደለም።

የዚያን ዕለት ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት። የሽርት ውሃዋ ፈስሶ ሆስፒታል ገብታለች። «እማዬ፣ የት ነሽ?» አለችኝ። «ቅርብ ነኝ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ከጎባ ጋር ሲተያይ ቅርብ ነበርኩ። ሲነጋጋ አማቼ ስልኩን ከፍቶ የሕፃኗን ለቅሶ አሰማኝ። በሰው ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄን የመጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ልጄን አልተቆጣሁትም፤ አልችልማ። እሱ የተናገረውን ቃል እኔም ከእሱ መወለድ በፊት ተናግሬዋለሁ፤ ያውም በትኬት ጉዳይ ሳይሆን በነፍስ ጉዳይ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ወጣት ነርስ ነበርኩ። ከሪራ በኩል የመጣች ነፍሰ ጡር ለክትትል እኔ ዘንድ ቀረበች። የእኛን አገር ለማያውቅ ልንገረው፦ ከጎባ ወደ ደቡብ ስትወጡ ሳነቲ አምባ ላይ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይረግጣል፤ ከጎኑ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ዛፍ የለም፤ ጭጋግና ውርጭ ነው። ከዚያ በድንገት ወደ ሃረና ደን ይወረዳል፤ ሪራ እዚያ አፋፉ ላይ ናት። ደኑን አቋርጦ ለሚሄድ ደሎ መና ከጎባ 100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሪራ ግን ሃምሳ ስድሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሴትየዋ «ቀኔ ሲደርስ ከተማ ልቆይ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘመድ የላትም፤ የምታርፍበትም የለም። እኔም «ምጥ ሲጀምርሽ ነይ፤ ሩቅ አይደለም» አልኳት።

ምጡ የጀመራት ማታ ነው። ባሏና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ ላይ አወጧት። ሌሊቱን መኪና ጠበቁ። ጠዋትም ጠበቁ። አንድ የጭነት መኪና ያገኙት ረፋድ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሱት ከሰዓት በኋላ። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ባሏ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በቀለለኝ። «ሲስተር፣» ነው ያለኝ፣ «መንገዱስ ሩቅ አልነበረም፤ የራቀው መኪናው ነው።»

ከዓመታት በኋላ ሥልጠና ላይ ይህንኑ ነገር በሌላ ስም ተማርኩት። በ1994 እ.ኤ.አ. ታዲየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያጠኑ ነገሩን በሦስት መዘግየት ከፈሉት። አንደኛው እርዳታ ለመፈለግ በመወሰን የሚባክነው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጤና ተቋም ለመድረስ በመንገድ የሚባክነው ነው። ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኙ የሚባክነው ነው። የጤና ባለሙያ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቁም ነገሩ ኪሎ ሜትር በቀጥታ የሚለካው አንዱን፣ መካከለኛውን ብቻ መሆኑ ነው። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት እርዳታ ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች ተብለን ተምረናል። ያ ሁለት ሰዓት የሚቆጠረው መኪናው ከተነሳ ጀምሮ አይደለም፤ ደሙ ከጀመረበት ቅጽበት ነው።

መፍትሔውም ቀላል ነገር ነበር። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል በ1976 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት ከፈተ። ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው ግቢው ውስጥ እንዲጠብቁ ነው። ዛሬ የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያ አለ። መንገዱ አላጠረም፤ ተራራውም አልተናደም። እናቲቱ ቀድማ መጣች፣ ያ ብቻ ነው።

ሞትና ያመለጠ በረራ አይወዳደሩም፤ አላወዳድርም። ስህተቱ ግን አንድ ነው። «ሩቅ አይደለም» የሚለውን ቃል የሚናገረው ሰው የሚያየው ካርታውን ነው፤ የሚሄደው ሰው የሚከፍለው ደግሞ በሰዓት ነው። ልጄ የቆጠረልኝ ሁለተኛውን መዘግየት ብቻ ነበር። ከአውሮፕላን እስከ በር ያለውንና ሬገን ከደረስኩ በኋላ ያለውን አልቆጠረም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ዕድሜ ልኬን ሌሎችን «ስንት ሰዓት ይወስድብሻል?» እያልኩ ስጠይቅ ኖሬ።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ትኬት የሚልኩላችሁ ወላጆች ሆይ፣ እባካችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አለማመን አይደለም።

በመጀመሪያ የከተማውን ስም ሳይሆን የአየር ማረፊያውን ስም ጠይቁ። የምወርድበትና የምሳፈርበት አንድ ነው ወይስ ሁለት? ዋሽንግተን ላይ ዳለስና ሬገን አሉ፤ ባልቲሞርም ለዚያው አካባቢ ያገለግላል። የእኛው አየር መንገድ ለንደን ውስጥ ሂትሮውም ጋትዊክም ያርፋል፤ ሁለቱ በመኪና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ኒውዮርክ ብትሉ ኬኔዲ አንድ ዳር ነው፤ ኒውዋርክ ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ደግሞ አገሩ ውስጥ መግባት ስለሆነ ለማለፊያም ቢሆን ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት ብላችሁ ጠይቁ። ጉዞው በአንድ ትኬት ከተያዘና የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁ፣ ሌላ በረራ የሚፈልግላችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን የኪሳችሁ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን ከበር እስከ በር ቁጠሩ። አሜሪካ ስትገቡ ኢሚግሬሽን የሚያያችሁ መጀመሪያ ባረፋችሁበት ቦታ ነው፤ ጉዞው ቢቀጥልም ሻንጣችሁን የምታነሱት እዚያው ነው። ወረፋ፣ ሻንጣ፣ ፍተሻ፣ መኪና፣ እንደገና ሻንጣ ማስረከብ፣ እንደገና ፍተሻ። እያንዳንዱን በጣታችሁ ቁጠሩ። እኔን የጠየቀኝ ሰው ካለ በሁለት አየር ማረፊያ መካከል ከስድስት ሰዓት በታች አልቀበልም። ከተቻለ እንደ እናቶች ማቆያ አንድ ሌሊት ማደር ነው።

አራተኛ፣ የትኬት ሰዓት የእኛ ሰዓት አይደለም። ትኬቱ 12፡30 ሲል ቀን 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። 00፡30 ሲል ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በእነሱ አቆጣጠር ቀኑ ተለውጧል። «ቅዳሜ» የሚል ትኬት ይዘው ቅዳሜ ማታ ሄደው አውሮፕላኑ ዓርብ ሌሊቱን ያመለጣቸው ሰው አውቃለሁ።

አምስተኛ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቁ። ልጃችሁ ትኬት ሲገዛ ማስመዝገብ ይችላል፤ አይከፈልበትም። «እኔ እግር አለኝ፣ ሽባ አይደለሁም» ብዬ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት በወንበር የሚገፉ አሮጊቶች በአጠገቤ ሲያልፉ አይቻለሁ። ኩራቴ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አስቁሞኛል።

ይህ የውጭ አገር ጣጣ ብቻ ነው እንዳትሉ። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ አዲስ ትልቅ አየር ማረፊያ እየተሠራ ነው፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያ ቀን ሲመጣ ከሮቤ የተነሳች አሮጊት ቦሌ ወርዳ ቢሾፍቱ ላይ የምትሳፈር ከሆነ፣ «እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ ቅርብ ነው» የሚላት ልጅ አይጠፋም። ዛሬ ቦሌ ላይ የአገር ውስጡና የውጪው ተርሚናል አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እንኳ ግራ እንጋባለን። 40 ኪሎ ሜትር ያኔ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ከአሁኑ መጠየቅ የልጆቻችን ፋንታ ነው።

የልጅ ልጄ አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። ከእሷ ዘንድ የደረስኩት ከተወለደች በኋላ ነው፤ ገንፎውንም አገነፋሁ፣ አራሷንም አጠብኩ። አንድ ቀን ምን ይመስላል ትሉኝ ይሆናል። ልጄ ግን ያን ሌሊት «የት ነሽ?» ያለችኝን ድምፅ አልረሳውም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ቡናው እስኪበርድ ትኬቷን መስመር በመስመር አነበብንላት። አንድ ትኬት ነው፤ የምታልፍበትም አየር ማረፊያ አንድ ነው፤ ደግ ነው። ነገር ግን ከሮቤ ተነስታ ቦሌ ላይ ያላት ጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። በክረምት የባሌን ደመና እኛ እናውቀዋለን፤ ሲጫን አውሮፕላን ያስጠብቃል። «ልጅሽ የሮቤውን በረራ አንድ ቀን ወደፊት ያምጣልሽ፤ አዲስ አበባ የእህትሽ ልጅ ዘንድ እደሪ» አልኳት። በወረቀት ላይ የየቦታውን ስምና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩላት። አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

«ልጄ ይናደዳል፤» አለች ስትነሳ። «አንድ ቀን በከንቱ አባከንሽ ይለኛል።»

«ይናደድ፤» አልኳት። «መጀመሪያ ድረሺለት፣ ከዚያ ይናደድ።»